በከተማ ውስጥ ያለን የአለት ገጽ መዝግቦ ለማስጠበቅ የሚያግዝ መመሪያ፦ ለጅማ ነዋሪዎች

በጅማ ያልበሰበሰ አለት ማየት ቀላል አይደለም። በዓመት በአማካይ ወደ 1500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋው ዝናብ ከሙቀቱ ጋር ተባብሮ የእሳተ ገሞራውን ድንጋይ ለረጅም ዘመናት ሲያበሰብሰው ስለኖረ፣ የከተማዋ ዳገቶች በጥልቅ ቀይ አፈር ተሸፍነዋል፤ ረባዳ ሜዳዎቿም ጥቁርና ተለጣፊ ጭቃ ተኝቶባቸዋል። አለቱ ራሱን የሚያሳየው ወንዝ በሸረሸረው ገደል፣ መንገድ በተቆረጠበት ጥግ፣ በድንጋይ ካባ ውስጥ ወይም አፈር ሊረጋበት በማይችል ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ቦታዎች በከተማ ክልል ውስጥ ሲገኙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቆሻሻ መጣያ፣ የግንብ መደገፊያ ወይም የባሕር ዛፍ ማሳ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በሰፈሩ አንድ የአለት ገጽ አይቶ ሊጠበቅ ይገባል ብሎ ላሰበ መምህር፣ የአካባቢ ክበብ አስተባባሪ፣ የዕድር ሰብሳቢ ወይም ማንኛውም ነዋሪ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ ይኖርበታል። ደን ሲታጠርና ሲተው ያገግማል፤ የአለት ገጽ ግን ሲተው ይጠፋል፤ አፈር ይወርድበታል፣ ቁጥቋጦ ይሸፍነዋል፣ በመጨረሻም ከሌላው ዳገት አይለይም። ስለዚህ የአለት ጥበቃ ማለት ገጹ እንዲታይና ሰው ሊደርስበት እንዲችል አድርጎ ማቆየት ማለት ሲሆን፣ ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሥራ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

የአካባቢውን አለት አስቀድሞ ስለማወቅ

የጅማ አለት በሳይንሱ ዓለም ስም የሌለው ተራ ድንጋይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመው የኢትዮጵያ የጂኦሎጂ ካርታ ላይ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሰፊ ቦታ የሚሸፍነው የእሳተ ገሞራ አለት ክምችት የሚጠራው በከተማዋ ስም፣ «ጅማ ቮልካኒክስ» ተብሎ ነው። የታችኛው ክፍሉ በአብዛኛው ባሳልት ሲሆን፣ የላይኛው ክፍሉ ደግሞ ራዮላይትና ትራካይት የተባሉ ነጣ ያሉ አለቶችን ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ይዟል። በሰሜኑ የኢትዮጵያ ደጋ የባሳልቱ ጎርፍ፣ ማለትም ቀልጦ የወጣው ድንጋይ (ላቫ)፣ በብዛት የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ በደቡብ ምዕራቡ ግን እሳተ ገሞራው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከ40 ሚሊዮን ዓመት በፊት መሥራት እንደጀመረ ይታወቃል።

ባሳልትንና ራዮላይትን መለየት ለባለሙያ ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም። ባሳልት ሰው ሁሉ «ጥቁር ድንጋይ» የሚለው፣ ለቤት መሠረትና ለኮብልስቶን የሚፈለገው ከባድ አለት ነው፤ ከ1000 እስከ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ቀጥኖ የሚፈስ ላቫ ስለነበረ ሰፋፊ ንጣፎችን ይሠራል። ራዮላይት ግራጫ፣ ነጭ ወይም ሮዝ መሰል ቀለም አለው፤ ሲሊካ የተባለው የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ላቫው ወፍራምና ዝግ ብሎ የሚሄድ ነበር፤ በመሆኑም ከመፍሰስ ይልቅ መከመር ወይም ፈንድቶ አመድ መሆን ይቀናዋል። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በክር አንጠልጥሎ ወደ ድንጋዩ ማስጠጋት ጥሩ መነሻ ይሆናል፤ ባሳልት ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን ስላለበት ማግኔቱን በመጠኑ ይስበዋል፤ ራዮላይት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይስበውም።

በጅማ ቅርብ የሆኑትን ቦታዎች ለሚያስብ ሰው፣ ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ ዳርቻ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት የጅሬን ኮረብታ መውጫና በከተማዋ ጠርዝ ያሉት የድንጋይ ካባዎች ዓይን የሚጣልባቸው ናቸው። የቦዬ ረግረግ አለት አያሳይም፤ ነገር ግን ከዳገቱ የታጠበው ደለል የት እንደሚያርፍ ስለሚያሳይ ከጅሬን ጋር አንድ ላይ ቢታይ የታሪኩ ሁለት ጫፎች ይገጥማሉ። ወደ ቦዬ የሚሄድ ሰው ጉማሬ እንዳለበት ማወቅና በማለዳም ሆነ በምሽት ወደ ውኃው አለመጠጋት ይገባዋል።

ሜዳ ላይ የሚሠራ ሥራ

የምዝገባው ሥራ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ቢሠራ ይመረጣል። በክረምት አለቱ በድንጋይ ሽበት ይሸፈናል፣ መሬቱ ይንሸራተታል፣ ከሁሉም በላይ ውኃ የገባባቸው ስንጥቆች ድንጋይ ይጥላሉ። በየትኛውም ወቅት ቢሆን ከገደሉ ሥር መቀመጥ አይገባም፤ ፎቶ የሚያነሣው ሰው ቢያንስ የገጹን ቁመት ያህል ርቆ ይቁም። በአዌቱ ውስጥ በባዶ እግር መግባት ለቢልሃርዚያና ለሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ስለሚያጋልጥ ቦት ጫማ ያስፈልጋል። ካባው በሥራ ላይ ከሆነ ከሠራተኞቹ ኃላፊ ፈቃድ ሳይጠየቅ መግባት ነውርም አደጋም ነው።

የመጀመሪያው መረጃ ቦታው ነው። የእጅ ስልክ ጂፒኤስ በቂ ነው፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ወጥመድ አለ። ስልክ የሚሰጠው ልኬት ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በተባለው ዓለም አቀፍ የልኬት መነሻ የተሠራ ሲሆን፣ የቆዩት የኢትዮጵያ የመልክዓ ምድር ካርታዎችና አንዳንድ የመሬት ሰነዶች ግን አዲንዳን የተባለውን መነሻ ይጠቀማሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መሬት ላይ ከ200 ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። በከተማ ውስጥ 200 ሜትር ማለት ሌላ ሰፈር ማለት ስለሆነ፣ ቁጥሩን ሲጽፉ የትኛው መነሻ እንደሆነ አብረው ይጻፉ። ዩቲኤም በተባለው የካርታ ልኬት ሥርዓት ጅማ የምትገኘው በዞን 37 ሰሜን ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ፎቶ ነው። ከገጹ ፊት ለፊት አንድ ሙሉውን የሚያሳይ፣ ከዚያም እየቀረቡ ዝርዝሩን የሚያሳዩ ፎቶዎችን ያንሡ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ መጠኑን የሚያሳይ የሜትር ዘንግ ወይም የቆመ ሰው ይኑር። ሙሉውን ፎቶ ያነሡበትን ነጥብ ወደፊት ተመልሰው ሊያገኙት በሚችሉበት ሁኔታ ይመዝግቡ፤ ለምሳሌ ከመብራት ምሰሶ ወይም ከድልድይ ጥግ በስንት ሜትርና በየትኛው አቅጣጫ እንደቆሙ ይጻፉ። አለቱ ላይ ግን በቀለም ምልክት ማድረግ አይገባም፤ ለመጠበቅ የተነሣ ሰው ራሱ የመጀመሪያው አበላሺ ሲሆን ያሳፍራል። አቅጣጫ ለመለካት ኮምፓስ የሚጠቀም ሰው ደግሞ የባሳልቱ ማግኔታዊነት መርፌውን ሊያሳስት እንደሚችል አውቆ፣ ከገጹ ጥቂት ሜትሮች ወደ ኋላ ሄዶ ንባቡን ይድገመው።

ሦስተኛውና ጊዜ የሚፈልገው ሥራ መመልከት ነው። በገጹ ላይ ከታች ወደ ላይ የሚታየውን በንድፍ ሥዕል ያስፍሩ፤ ፎቶ ሁሉንም እኩል ስለሚያሳይ በእጅ የተሣለ ንድፍ የሚሰጠውን ምርጫ አይሰጥም። በተለይ አራት ነገሮችን መፈለግ ይጠቅማል።

አንደኛው ምሰሶ መሰል ስንጥቅ ነው። ላቫ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ስንጥቁም ከቀዘቀዘው ገጽ ተነሥቶ ወደ ሞቃቱ ውስጥ እየገባ ሲያድግ አለቱን አምስትና ስድስት ጎን ባላቸው ምሰሶዎች ይከፋፍለዋል። ምሰሶዎቹ ሁልጊዜ ለቀዘቀዘው ገጽ ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ፣ ቀጥ ያሉ ከሆኑ ላቫው በአግድም መሬት ላይ ተኝቶ ነበር ማለት ነው፤ ጎንበስ ያሉ ወይም እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ከሆኑ ደግሞ ላቫው ያረፈው በሸለቆ ውስጥ ወይም ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ ሊሆን ይችላል። የምሰሶዎቹን ጎን ብዛትና ውፍረት ቢያንስ በአሥር ምሰሶዎች ላይ ለክተው ይጻፉ፤ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ላቫ ወፍራም፣ ፈጥኖ የቀዘቀዘ ቀጭን ምሰሶ ይሠራል።

ሁለተኛው በሁለት የላቫ ንጣፎች መካከል የሚታይ ቀይ መስመር ነው። ይህ መስመር በሁለቱ ፍሰቶች መካከል በነበረው የእረፍት ዘመን የበሰበሰ ጥንታዊ አፈር ሲሆን፣ ኋላ የመጣው ላቫ ከላይ ስላቃጠለው ቀይነቱ ደምቋል። በእኔ ግምት በጅማ አካባቢ ከሚገኙ የአለት ገጾች ሁሉ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ይህን መስመር የሚያሳይ ነው፤ እሳተ ገሞራው አንድ ጊዜ ፈንድቶ ያበቃ ሳይሆን እየቆየ የተመላለሰ መሆኑን ያለ ማይክሮስኮፕ ለተማሪ ሊያሳይ የሚችል ሌላ ማስረጃ አላገኝም። ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ በጣት ሲነካ ሳይቀር ይፈርሳል።

ሦስተኛው በባሳልቱ ውስጥ ያሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ናቸው፤ የጋዝ አረፋ የተዋቸው ቀዳዳዎች ቆይተው በማዕድን የተሞሉ ናቸው። ከወደቀ ድንጋይ ላይ ጥቂት ፍቀው ዱቄቱ ላይ አቼቶ ጠብ ያድርጉ፤ ከተንጨረጨረ ካልሳይት ነው፤ ካልተንጨረጨረና መስታወት የሚጭር ከሆነ ኳርትዝ፣ የማይጭር ከሆነ ምናልባት ዚዮላይት ነው። አራተኛው የመበስበሱ ሂደት ነው፤ ባሳልት ከማዕዘኖቹ ጀምሮ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ በመሐሉ ክብ ደረቅ ድንጋይ ያስቀራል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ቀይ አፈር ይለወጣል። ከገጹ ሥር ያልተነካ አለት፣ በመካከል ክብ ድንጋዮች፣ ከላይ ቀይ አፈር በአንድ ላይ ከታዩ፣ የጅማ ቡና የበቀለበት አፈር ከምን እንደመጣ በአንድ ግድግዳ ላይ ተጽፏል ማለት ነው።

ናሙና የሚወሰደው ከወደቀው ድንጋይ ብቻ ነው፤ ገጹን በመዶሻ መምታት አይፈቀድም። ይህ ሕግ የተፈተነ ነው። በእንግሊዝ አገር በደድሊ ከተማ ውስጥ የሚገኘው ሬንስ ኔስት የተባለ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ፣ ከ420 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባሕር እንስሳት ቅሪተ አካላትን የያዘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ስለ ጂኦሎጂው ሲባል ብሔራዊ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተከልሏል፤ በዚያም ጎብኚ ከፈራረሰው ክምር ላይ እንዲለቅም ይፈቀድለታል፤ ቋሚውን አለት መምታት ግን ክልክል ነው።

ምን ዓይነት ጥበቃ እንደሚያስፈልግ ስለመወሰን

በዚህ ደረጃ ብዙ በጎ ፈቃደኞች የሚቸኩሉት «ቦታው ይከለል» ወደሚል ጥያቄ ነው። ከዚያ በፊት ግን ተጨማሪ ቁፋሮ ይህን ነገር ያጠፋዋል ወይስ አያጠፋውም የሚለው መለየት አለበት። የተመዘገበው ነገር ወደ ኮረብታው ውስጥ ገብቶ የሚቀጥል ወፍራም የባሳልት ንጣፍ ከሆነ፣ ካባው ወደ ውስጥ በገፋ ቁጥር አዲስና ንጹሕ ገጽ ይወጣል እንጂ አይጠፋም፤ እንዲያውም ሥራው ቢቆም ገጹ በአፈርና በቁጥቋጦ ይሸፈናል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚጠየቀው ካባው እንዲዘጋ ሳይሆን፣ ሥራው ሲያበቃ የመጨረሻው ገጽ እንዳይሞላና መግቢያው እንዲተው ነው። ድንጋይ ፈልጠው ከሚተዳደሩት ወጣቶች ጋር ያለ ጠብ መስማማት የሚቻለውም በዚህ መንገድ ነው። በአንጻሩ ነገሩ ውስን ከሆነ፣ ማለትም አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚታይ የምሰሶ ስብስብ ወይም ጥቂት ሜትር የሚረዝም ቀይ የአፈር መስመር ከሆነ፣ አንድ ቀን የሚሠራ ኤክስካቫተር ሊጨርሰው ስለሚችል ጥያቄው ሙሉ ክልከላ መሆን አለበት።

በዚህ ረገድ ከሙምባይ የሚገኘው ትምህርት ለእኛ ቅርብ ነው፤ አለቱ የኢትዮጵያን ደጋ ከሸፈነው የባሳልት ጎርፍ ጋር አንድ ዓይነት አፈጣጠር አለውና። በሕንድ ሙምባይ ከተማ ውስጥ የሚገኘው ጊልበርት ሂል 61 ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ በምሰሶዎች የተሠራና 66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የባሳልት ኮረብታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ቢሰየምም በዙሪያው ድንጋይ መፍለጡና ቤት መሥራቱ አልቆመም፤ ከብዙ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ውትወታ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 የከተማው አስተዳደር በሁለተኛ ደረጃ ቅርስነት መዝግቦ በአካባቢው ድንጋይ ማውጣትን ከልክሏል። ኮረብታው ዛሬም በሕንፃ የተከበበ ነው። ከዚህ የሚወሰደው፣ ከሩቅ ከሚሰጥ ታላቅ ማዕረግ ይልቅ በከተማው የራሱ ደንብና ፕላን ላይ የሰፈረች ትንሽ መስመር የበለጠ እንደምትሠራ፣ እንዲሁም ከአለቱ ሌላ በዙሪያው ባዶ የሚቀር ቀበቶ አብሮ ካልተጠየቀ አለቱ ቢድንም ማየት እንደሚያስቸግር ነው። በስኮትላንድ ኤድንብራ ከተማ ደግሞ ሳልስበሪ ክራግስ በተባለው የአለት ገደል ላይ ይካሄድ የነበረው ድንጋይ የማውጣት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1831 የቆመው ከረጅም የፍርድ ቤት ክርክር በኋላ መሆኑን ማስታወስ፣ ጉዳዩ በየትም አገር ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያሳያል።

ማመልከቻው

ማመልከቻው ሁለት ገጽ ቢሆንና ካርታ፣ ንድፍና ፎቶ ቢያያዝበት ይበቃል። የከተማዋ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ዋናው ደብዳቤ በዚያ ቋንቋ ተጽፎ የአማርኛው ቅጂ ቢከተል ሥራው ይፋጠናል። የቦታውንም ስም የሰፈሩ ሽማግሌዎች በሚጠሩት ይጻፉ፤ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው በቁጥር ከተጻፈ ነጥብ ይልቅ በስሙ ያውቀዋል። በደብዳቤው ውስጥ «ድንቅ የተፈጥሮ ስጦታ» ከሚል ውዳሴ ይልቅ መደረግ የሌለበት ነገር በግልጽ ይቀመጥ፦ ከዚህ ነጥብ እስከዚያ ነጥብ አይቆፈር፣ አይሞላ፣ በግንብ አይሸፈን።

የሕግ መሠረቱን በተመለከተ፣ የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 91 የአገሪቱን የተፈጥሮ ሀብት መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ መሆኑን ሲደነግግ፣ አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ደህንነትን የሚመለከቱ ዕቅዶች ሲወጡና ሲፈጸሙ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ያስቀምጣል። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ትኩረቱ በሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ላይ ስለሆነ፣ ባዶ አለትን ይዞ ወደ ቅርስ ቢሮ የሚሄድ ሰው ሊመለስ ይችላል፤ ከቦታው ለጥንት ሕንፃ መሠረት ወይም ለወፍጮ ድንጋይ ይወጣ እንደነበር የሚያስረዳ ማስረጃ ካለ ግን ማመልከቻው ክብደት ያገኛል። ለግንባታ ድንጋይ የማውጣት ፈቃድ የሚሰጠው በክልል ደረጃ ስለሆነ፣ በቦታው ላይ ፈቃድ ተሰጥቶ እንደሆነ አስቀድሞ ከማዕድን ጽሕፈት ቤቱ መጠየቅ ከንቱ ድካምን ያስቀራል።

ይሁን እንጂ ሁሉንም በር ከማንኳኳት አንዱን በጊዜው ማንኳኳት ይሻላል። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት የሚያገለግል ሲሆን፣ ሲዘጋጅ ኅብረተሰቡ ይሳተፋል። ቦታው በአረንጓዴ ወይም በክፍት ቦታነት በፕላኑ ላይ እንዲገባ ለማድረግ ምቹው ጊዜ ፕላኑ የሚከለስበት ወቅት ነው፤ ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ቦታውን ከተመራው ሰው ጋር ክርክር ይሆናል።

ቦታው ከተመዘገበ በኋላ

ከምዝገባ በኋላ የሚመጣው አደጋ በአብዛኛው ከበጎ አሳቢዎች ነው። በሐምሌ የሚካሄደው የችግኝ ተከላ በገጹ ላይና በአፋፉ ላይ እንዳይደርስ ከአስተባባሪዎቹ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ የዛፍ ሥር በስንጥቅ ውስጥ ሲወፍር ምሰሶን ከምሰሶ ይለያል፤ ቅርንጫፉም ገጹን ይሸፍናል። ችግኙ ከገጹ ፊት ለፊት ራቅ ብሎ ጥላ በሚሰጥበት ቦታ፣ ባሕር ዛፍ ባልሆነ አገር በቀል ዛፍ ቢተከል ለጎብኚው ማረፊያ ይሆናል። በመንገድና በኮሪደር ልማት ሥራ ወቅት ደግሞ መሐንዲሱ ዳገቱ እንዳይናድ በግንብ መሸፈን ቢፈልግ አይፈረድበትም፤ ሊጠየቅ የሚገባው ከአፋፉ በላይ የጎርፍ መውረጃ ቦይ እንዲሠራ፣ ልቅ ድንጋዮች በእጅ እንዲወርዱና ግንቡ አደገኛ በሆነው ክፍል ላይ ብቻ ተወስኖ ዋናው ገጽ ክፍት እንዲቀር ነው። ደረጃ መቁረጥ፣ ቀለም መቀባትና ጽሑፍ መቅረጽ አያስፈልግም፤ ጥቂት መስመሮች ያሉት ሰሌዳ ከአለቱ ራቅ ብሎ ቢቆም በቂ ነው።

በየዓመቱ በታኅሣሥ ከተመዘገበው ነጥብ ላይ ሆኖ አንድ ፎቶ ማንሣትና በገጹ ላይ የበቀለውን ሣርና ቁጥቋጦ ሳይነቅሉ ከሥሩ ማጨድ የጥበቃው መደበኛ ሥራ ነው። መንቀል አፈርና ልቅ ድንጋይ ይዞ ስለሚመጣ ማጨድ ይሻላል። ፎቶው፣ ንድፉና የማመልከቻው ቅጂ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ብቻ እንዳይቀር በወረቀት ታትሞ በቀበሌው መዝገብ ቤት፣ በአቅራቢያው ባለ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትና በአዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ይቀመጥ፤ ፎቶውን የሚያነሣው ሰው ሲለወጥም የቆመበትን ነጥብ ለተተኪው ቦታው ድረስ ወስዶ ያሳየው።